የተሰነጠቀ የዘይት ኮፓ፦ በኤፖክሲ ልድፈነው ወይስ ላስበይደው?

«ኮፓዬን ድንጋይ መታው፤ ዘይት ያንጠባጥባል። ኤፖክሲ ልለጥፍበት ወይስ ላስበይደው?» ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል ይህ ጠፍቶ አያውቅም። ኮፓ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ነው። አንዳንዴ ኮፓው ቀርቶ ራዲያተር፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ወይም ሻንሲ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ደረጃ በደረጃ የማሳየው በኮፓ ላይ ነው፤ በትክክል ከተሠራ ኤፖክሲውም ብየዳውም የሚያዋጣበት ክፍል ስለሆነ።

ኤፖክሲ ስል ሁለት ዓይነቱን ነው። አንዱ በሁለት ቱቦ የሚሸጠው፣ ሙጫውና ሃርድነሩ (ማጠንከሪያው) እኩል ተቀላቅሎ የሚቀባው ነው፤ ጄቢ ዌልድ የዚህ ዓይነት ነው። ሌላው እንደ ሊጥ በእጅ እየተለወሰ የሚለጠፈው ዱላ ነው። ስቱኮ ከሁለቱም አይደለም። ስቱኮ የተሠራው የቦዲን ጎድጓዳ ሞልቶ ለቀለም ለማስተካከል ነው፤ ዘይት የሚያፈስ ቀዳዳ ላይ አትቀቡት።

መጀመሪያ መወሰን

ቱቦውን ከመክፈታችሁ በፊት ስለተሰነጠቀው ክፍል ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ያህል ይሞቃል? ምን ይሸከማል? ቢለቅ ምን ይከተላል?

ሙቀቱ። የሞተር ዘይት በደህና ጊዜ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የቱቦው ጄቢ ዌልድ እስከ 287 ዲግሪ ገደማ እንደሚችል አምራቹ ይገልጻል፤ ስለዚህ ለኮፓ በቂ ነው። በእጅ የሚለወሱት ዱላዎች የሚችሉት ሙቀት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ አትግዙ። የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ (ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው የጭስ ማውጫው መጀመሪያ) ግን በጭነት ጊዜ ከ600 ዲግሪ በላይ ይግላል። እዚያ ላይ ማንኛውም ኤፖክሲ ተቃጥሎ ይረግፋል። ማርሚታ ወይ ይበየዳል፣ ወይ ለማርሚታ ተብሎ በተሠራው ሙቀት ቻይ ሲሚንቶ ለጊዜው ይደፈናል።

ሸክሙ። ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የቱቦ ኤፖክሲ ሲጎተት የሚበጠሰው በ35 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ተራው የግንባታ ብረት 400 ሜጋፓስካል አካባቢ ይችላል፤ ደህና ብየዳም ያንኑ ያህል ይይዛል። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የሚጎተት፣ የሚታጠፍ ወይም ክብደት የሚሸከም ክፍል፣ ለምሳሌ ሻንሲ፣ የባሌስትራ መያዣ፣ የሞተር መቀመጫ፣ ለኤፖክሲ አይሰጥም። ኮፓ ግን ዘይቱን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ግፊትም የለበትም ማለት ይቻላል።

ቢለቅስ? ኮፓ ላይ ያለ ኤፖክሲ ሲለቅ መጀመሪያ ያንጠባጥባል፤ የምታዩበት ጊዜ አላችሁ። የፍሬን ቱቦ ግን ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ውስጡ 100 ባር ገደማ ግፊት ይኖራል፤ ለቀቀ ማለት ፍሬን የለም ማለት ነው።

በእነዚህ ክፍሎች ላይ ኤፖክሲም የሠፈር ብየዳም አትሞክሩ፤ ክፍሉን ቀይሩ፦

- የፍሬን ቱቦ፣ ካሊፐርና የፍሬን ፖምፓ
- የመሪ ክንድ፣ የመሪ ሳጥንና ኳሶቹ
- የተሰነጠቀ ቸርኬ
- የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪ ሳጥን፤ ውስጡ ያለው ቮልቴጅ ይገድላል፣ ባትሪው ሲሞቅም እሳት ይነሣል

የነዳጅ ታንከር ለብቻው ይነገር። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። ቤንዚኑ ቢፈስም ትነቱ ይቀራል፤ ከአየር ጋር ሲቀላቀል አንድ የብየዳ ብልጭታ ይበቃዋል። ታጥቦ ደረቀ፣ ፀሐይ ላይ ዋለ ብላችሁ በያጅ ፊት አታስቀምጡት። ነዳጅ የሚያንጠባጥበው ከተማ ሳትደርሱ ከሆነ፣ ደረቅ የልብስ ሳሙና ስንጥቁ ላይ አጥብቃችሁ ፈግፍጉበት፤ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው ጋራዥ እስክትደርሱ ይይዛል። ከዚያ ታንከሩ ይቀየር፣ ወይም ይህንኑ ሥራ በሚያውቅና የታንከሩን ትነት የማስወገጃ መሣሪያ ባለው ቤት ብቻ ይሠራ።

ራዲያተር ላይም ብዙ ገንዘብ ይባክናል። የብዙዎቹ የዛሬ ራዲያተሮች ጋኖች ፕላስቲክ ናቸው፤ የብረት ኤፖክሲ ፕላስቲኩን አጥብቆ አይዝም። ውስጡም ሲሞቅ ወደ 1 ባር ግፊት አለ፤ ኤፖክሲውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከጋራዥ ርቃችሁ ከሆነ ለመንገድ ያህል ይሁን፣ ከዚያ ግን ጋኑን ወይም ራዲያተሩን ቀይሩ።

ማግኔት አውጡ

ብየዳም ሆነ ኤፖክሲ፣ የሚቀድመው ብረቱን ማወቅ ነው። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው። ካልያዘው ብዙውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። ከላሜራ ተጨፍልቆ የተሠራ ቀጭን ኮፓ ማግኔት ይይዘዋል፤ ለመበየድም ቀላል ነው። የአልሙኒየም ኮፓ ግን በተራ ኤሌክትሮድ አይሆንም። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ደህና የመሰለው ኮፓ በአንድ ጊዜ ይናዳል። የአርጎን ብየዳ ያለው፣ አልሙኒየም ሲበይድ የኖረ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ካልተገኘ በደንብ የተሠራ ኤፖክሲ ከመጥፎ ብየዳ ይሻላል።

ማግኔት የሚይዘው ሁሉ ግን አይበየድም። የሞተር ብሎክና የአሮጌ የጭነት መኪና ካምቢዮ ቤት ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ነው። ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ በአንድ ቦታ ሞቆ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። ቀድሞ ሙሉውን ማሞቅ፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ መጠቀምና ቀስ አድርጎ ማቀዝቀዝ ይፈልጋል። ብሎኩ ከውጭ በኩል ውሃ የሚያላብ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ካለው፣ የቱቦ ኤፖክሲ ከችኩል በያጅ ይሻላል።

ለኮፓ ባጭሩ፦ ስንጥቁ ከ5 ሴንቲሜትር ካጠረ፣ ኮፓው ካልተጣመመ፣ ስንጥቁም ከዘይት ማፍሰሻው ብሎንና ከጓርኒሲዮኑ (ኮፓውና ሞተሩ መካከል ካለው ማሸጊያ) ጠርዝ ከራቀ ኤፖክሲ ይበቃል። ከዚህ ካለፈ ይፈታና ይበየድ፣ ወይም ይቀየር። የብዙ የተለመዱ መኪኖች ኮፓ አዲሱም አሮጌውም አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስለሚገኝ፣ ከማስበየዳችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ።

በኤፖክሲ ለመድፈን የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የቱቦ ኤፖክሲ (ለመንገድ ላይ ችግር ዱላው)
- አሴቶን ወይም ቲነር
- ነጭ ንጹሕ ጨርቅ፣ ብዛት ያለው
- የሽቦ ብሩሽና 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት
- ድሪልና 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ፑንታ
- ትንሽ ግራሶና ጠመኔ
- ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ቁራጭ ላሜራ
- ክሪክና ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ መደገፊያ
- የጎማ ጓንት፣ መነጽርና የአቧራ ማስክ
- አዲስ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ

የሃርድነሩ ኬሚካል ቆዳን ያሳክካል፤ ሰውነት አንዴ ከተቆጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይቆጣል። ጓንቱን አትተዉ። አሴቶንና ቲነር በቀላሉ ስለሚነዱ ሲጋራ፣ ከሰልና የኤሌክትሪክ ብልጭታ አጠገባችሁ አይኑር።

የኤፖክሲው አሠራር

1. ዘይቱን ሞቅ እንዳለ አፍስሱ። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉና የማፍሰሻውን ብሎን ፍቱ። ሞቅ ያለ ዘይት ከግድግዳው ላይ በደንብ ይወርዳል። ከዚያ መኪናውን ስንጥቁ ባለበት በኩል ከፍ አድርጋችሁ ቢቻል አሳድሩት፤ የቀረው ዘይት ከስንጥቁ ይሸሻል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ።

2. የስንጥቁን እውነተኛ ጫፍ ፈልጉ። ቦታውን በአሴቶን ጥረጉ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ጠመኔ ቀቡበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዘይቱ ነጩ ላይ መስመር ያወጣል። ዓይን ከሚያየው ርቆ የሚሄድ ስንጥቅ ብዙ ነው፤ ጫፉ ሳይሸፈን ከቀረ ከኤፖክሲው ሥር መሰንጠቁን ይቀጥላል።

3. ከመፋቃችሁ በፊት ዘይቱን አጽዱ። ብዙ ሰው የብርጭቆ ወረቀቱን ያስቀድማል፤ ይህ ዘይቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ይጨምቀዋል። አሴቶን በጨርቅ፣ ደጋግማችሁ።

4. በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ብሱ። 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይበቃል። ስንጥቅ የሚያድገው ከሾለ ጫፉ ስለሆነ፣ ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ይቆማል። ፑንታውን ግራሶ ቀቡት፤ ፍቅፋቂው ወደ ኮፓው እንዳይገባ ይይዝላችኋል። ስትጨርሱ ትንሽ ንጹሕ ዘይት ከላይ ጨምራችሁ በማፍሰሻው አስወጡት፤ የቀረ ብናኝ ካለ አብሮ ይወጣል። ድንጋይ ለበሳው ክብ ቀዳዳ ይህ ደረጃ አያስፈልግም።

5. እስከ ጥሬው ብረት ፋቁት። ቀለም፣ ዝገትና የድሮ ማጣበቂያ ሁሉ ይነሣ፤ ከስንጥቁ በሁሉም አቅጣጫ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይሂድ። ኤፖክሲ ቀለም ላይ ከተለጠፈ የሚይዘው ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ሲላጥ አብሮ ይላጣል። ጭረቱም ሸካራ ይሁን፤ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ብረቱ ወፈር ካለ ስንጥቁን በሞረድ ጠርዝ ትንሽ ከፈት አድርጉት፣ ኤፖክሲው ገብቶ እንዲቀመጥ።

6. እንደገና በአሴቶን አጽዱ። ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ። የምትጠቀሙበትን ጨርቅ ገጽ በየጊዜው ቀይሩ፤ ያለበለዚያ ያነሣችሁትን ቅባት መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። ነጭ ጋዝና ናፍጣ ለዚህ አይሆኑም፤ ራሳቸው ቅባት ይተዋሉ። ከዚህ በኋላ በእጅ አትንኩት። አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ አታቆዩት፤ ተፍቆ የወጣው አዲስ ገጽ ወዲያው በኦክሳይድ መሸፈን ይጀምራል።

የኤፖክሲ ሥራ የሚበላሸው ከ3 እስከ 6 ባሉት ደረጃዎች ነው። ውድ ኤፖክሲ ገዝቶ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ አንዴ ጠራርጎ ከሚለጥፍ ሰው ይልቅ፣ ርካሹን ገዝቶ ግማሽ ሰዓት ያጸዳው ሥራው ይቆይለታል። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

7. እኩል ለእኩል ቀላቅሉ። ከሁለቱ ቱቦዎች እኩል ርዝመት ያለው መስመር ንጹሕ ቆርቆሮ ላይ አውጡና ቀለሙ ወጥ ግራጫ እስኪሆን ቢያንስ ሁለት ደቂቃ አዋህዱት። ነጭ ወይም ጥቁር መስመር ከታየ ገና ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ሃርድነር ማብዛት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እያንዳንዱ የሙጫ ክፍል የሚገናኘው ከተመጣጠነ ሃርድነር ጋር ስለሆነ የተረፈው ሳይጠነክር እንደለሰለሰ ይቀራል። ዱላውን የምትጠቀሙ የውስጡና የውጭው ቀለም አንድ እስኪሆንና ሞቅ ማለት እስኪጀምር ለውሱት።

8. መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ወፍራም። የመጀመሪያውን ቀጭን ሽፋን በኃይል ተጭናችሁ ወደ ጭረቱና ወደ ስንጥቁ አስገቡት፤ በሥሩ አየር እንዳይቀር። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር እስኪሆን ጨምሩ። ዳር ዳሩን እያሳሳችሁ ጨርሱት፤ ወፍራም ጠርዝ ድንጋይ ሲነካው ይነሣል። ቀዳዳው ከ5 ሚሊሜትር ከሰፋ ኤፖክሲ ብቻውን አይሙላው፤ ተፍቆ የጸዳ ላሜራ በኤፖክሲው ላይ ተጭኖ በላዩ ሌላ ሽፋን ይቀባ። ጭነቱን ላሜራው ይሸከመዋል፣ ኤፖክሲው ያጣብቃል።

9. ጊዜ ስጡት። የቱቦው ዋና ዓይነት ሙሉ ለሙሉ እስኪጠነክር ከ15 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ ፈጣኑ ዓይነት ከ4 እስከ 6 ሰዓት። በጥፍር ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ይህ ጊዜ የሚቆጠረው ለሞቃት ክፍል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ወይም የደብረ ብርሃን ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ የኤፖክሲው መጠንከር ሊቆም ምንም አይቀረው፤ ቀን ላይ ሥሩት፣ ማታ የሚያሞቅ አምፖል ራቅ አድርጋችሁ አብሩበት። የጋዝ ነበልባል ግን አታስጠጉ። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያላችሁ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው፤ ቀላቅላችሁ ሳትጨርሱ ይጠነክርባችኋል። ጠዋት በማለዳ፣ ጥቂት ጥቂት እየቀላቀላችሁ ሥሩ።

10. ፈትኑት። አዲስ ዘይትና ፊልትሮ አስገቡ፣ ከሥር ካርቶን አንጥፉ፣ አንድ ሰዓት ቆዩ። ደረቅ ከሆነ ሞተሩን አስነሡና ፋኑ እስኪዞር አሙቁት፤ ብረቱና ኤፖክሲው በሙቀት የሚሰፉት እኩል ስላልሆነ ድክመት ካለው በዚህ ጊዜ ይታያል። ከዚያ አጭር መንገድ ነድታችሁ እንደገና እዩ። በማግስቱ ጠዋት የዘይት መለኪያውን ሳታዩ አትውጡ።

ለሚበየድ ኮፓ

ብየዳውን በያጁ ይሥራው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ግን የእናንተ ነው።

1. ኮፓውን ፍቱት። መኪናው ላይ እንዳለ ማስበየድ ከሥሩ ዘይት፣ ከአጠገቡ ነዳጅ እያለ እሳት መለኮስ ነው። ውስጡ የቀረው ዘይት ብየዳውን በቀዳዳ ይሞላዋል፤ ያ ደግሞ ተመልሶ ያልባል።

2. በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ይድረቅ። የፍሬን ማጽጃ እስፕሬይ አትጠቀሙ። ክሎሪን ያለባቸው ዓይነቶች በብየዳ ሙቀትና ብርሃን ፎስጂን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ፤ ሳንባን ያቆስላል፣ ይገድላልም።

3. አስቀድሞ ኤፖክሲ የተለጠፈበት ከሆነ ሁሉንም ፍቁ። ኤፖክሲ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው፤ ብየዳውንም ያበላሻል። ስለዚህ ሊበየድ የታሰበን ነገር «እስከዚያው» ብላችሁ በኤፖክሲ አትድፈኑ፤ የበያጁን ሥራ እጥፍ ታደርጉታላችሁ።

4. ለበያጁ ንገሩት፦ ላሜራው ቀጭን ነው። ሲኦቱ ብየዳ (በጋዝ እየተከለለ በቀጭን ሽቦ የሚበየደው) ካለው እሱ ይመረጣል። በኤሌክትሮድ ከሆነ 2 ወይም 2.5 ሚሊሜትሩ፣ በዝቅተኛ አምፔር። አጭር አጭር ነጥብ እየጣለ፣ ቦታ እየቀያየረ፣ እያቀዘቀዘ ይሂድ። በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ጠርዙ ይጣመማል፤ ስንጥቁ ተደፍኖ በጓርኒሲዮኑ በኩል ማፍሰስ ይጀምራል። ብልጭታውን ያለ መከላከያ አትመልከቱ።

5. ከቀዘቀዘ በኋላ ውስጡን ከብየዳው ቅርፊት አጽዱ። በመዶሻ መታ መታ አድርጉ፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቁ። የተረፈች ፍንጣሪ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ትዘጋለች፤ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል።

6. በነጭ ጋዝ ፈትኑት። በብየዳው ላይ ከውጭ ጠመኔ ቀቡ፣ ከውስጥ ነጭ ጋዝ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ነጭ ጋዝ ከዘይት ስለሚቀጥን ዘይት የማያልፍበትን ቀዳዳ ያልፋል፤ ጠመኔው ካልረጠበ ዘይት አያልፍም። ከረጠበ እንደገና ወደ ብየዳ ከመሄዱ በፊት ጋዙ በሳሙና ታጥቦ ይውጣ።

7. ጠርዙን ለጥ ባለ መስታወት ላይ አስቀምጡት። ከተንገዳገደ ተጣሟል፤ ይቀና። ከዚያ በአዲስ ጓርኒሲዮን ወይም በሲሊኮን ግጠሙት፣ ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቃችሁ በልኩ አጥብቁ።

ሻንሲ ወይም ሌላ ከመኪናው የማይፈታ ነገር ከሆነ የሚበየደው፣ አስቀድሞ የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይፈታ፣ የዲናሞውና የኮምፒውተሩ ሶኬትም ይነቀል። የብየዳ ማሽኑ የመሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር። ራቅ ብሎ ከታሰረ ኩረንቱ በኩሽኔታና በሽቦዎች በኩል ያልፋል፤ ብየዳው አምሮ ኮምፒውተሩ የሚቃጠለው በዚህ ነው። የእሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይኑር። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ከሆነ ልባጡ ይፋቅ፤ ጭሱ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።

ከዚያ በኋላ

ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር የኤፖክሲውን ዳር በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ። ጥፍር የሚገባበት ክፍተት ካለ በላዩ አዲስ አትደርቡ፤ አሮጌውን በሙሉ አንሥታችሁ ከደረጃ 3 ጀምሩ። ኤፖክሲው ሳይነሣ ሥሩ ከረጠበ ስንጥቁ አድጓል ማለት ነው፤ ያኔ ኮፓው ይቀየር። መኪናውን ለጋራዥ ወይም ለሌላ ሾፌር ስትሰጡም ኮፓው የተደፈነ መሆኑን ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ክሪክ ኮፓ ሥር የሚያስገባ ሰው ሞልቷል።